የሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ፦ የተራቆተ የጎል አፍ እንዴት ይሞላል?

ሰው ሠራሽ ሣር በራሱ አይቆምም። ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ከሥር የተሞላው አሸዋና ከላዩ ያለው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ነው። ፍርፋሪው ሲሳሳ ክሩ ይተኛል፤ የተኛ ክር በታኬታ እየተሰነጠቀ ያልቃል፣ መልሶ ደግሞ አይበቅልም። ቀድመው የሚራቆቱት በረኛው የሚቆምበት፣ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡና የማዕዘን ምት መምቻው ናቸው።

መጀመሪያ ለኩ። የተኛውን ክር በእጅ አቅኑና ዜሮው ከጫፉ የሚጀምር ማስመሪያ ፍርፋሪው ላይ አቁሙ። ክሩ 60 ሚሊ ሜትር በሆነ ሜዳ ከፍርፋሪው በላይ መታየት ያለበት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 35 ካገኛችሁ ቢያንስ 15 ጎድሏል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 1 ሊትር፣ ይህም ግማሽ ኪሎ ያህል ፍርፋሪ ነው። 6 ካሬ ሜትር የጎል አፍ 15 ሚሊ ሜትር ቢጎድለው 90 ሊትር፣ ወደ 45 ኪሎ ይፈልጋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሜዳውን ዳር እዩ። ከመሀል የጠፋው ፍርፋሪ አብዛኛውን ጊዜ አጥሩ ሥር ተከምሮ ይገኛል። ጠጠሩንና ቅጠሉን በወንፊት አውጥታችሁ መልሱት።

ሥራው በደረቅ ቀን ይሁን፤ እርጥብ ፍርፋሪ ክሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ወደ ሥር አይወርድም። የተጠቀጠቀውን ቦታ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ እየፈተጋችሁ አላሉት፣ ክሩንም አንሡት። የሽቦ ብሩሽ ክር ይቆርጣል፣ አትንኩት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ በትኑ፣ በሁለት አቅጣጫ ጥረጉ፣ ድገሙት። ቸኩሎ ከረጢቱን በአንዴ የገለበጠ ሰው ክሩን አስተኝቶ ቀብሮታል፤ የዚህ ማረሚያው ሁሉንም ዝቆ እንደገና መጀመር ነው።

ስትሠሩ ሁለት የሣር ንጣፎች የሚገናኙበትን መጋጠሚያ በጣታችሁ ዳስሱ። ጠርዙ ከተነሣ የተጫዋች እግር ይይዛልና ቦታውን ለጨዋታ ዝጉ። ከሥሩ ፍርፋሪውን ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ለሣር የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁ) የፖሊዩሬታን ሙጫ ቀቡ፣ እስኪደርቅም አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫኑበት።

ማስቲካ ካገኛችሁ በረዶ በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙበት፤ ሲደርቅ ተሰብሮ ይነሣል። በቤንዚን ማስለቀቅ ክሩንም ከሥር ያለውንም ሙጫ ይጎዳል።