የደን ካርቦን ሥራ ለምትጀምሩ፦ እባካችሁ ገንዘቡን አታስቀድሙ

ወደ ደን ካርቦን ሥራ፣ ማለትም ደን በመጠበቅ የዳነውን ካርቦን ለገዢ ወደ መሸጥ ሥራ፣ አዲስ የሚገቡ ልጆች ይደውሉልኛል። ደስ ይለኛል። ጎበዞች ናቸው፣ የሳተላይት ምስል ከእኔ በላይ ያነባሉ። ግን አንዷን ስህተት ደጋግሜ ሳያት ልቤ ስለቆሰለ ዛሬ ልጻፈው።

እሷም ቀበሌ ገብቶ ከሁሉ በፊት ስለ ገንዘብ ማውራት ናት።

እኔም አድርጌዋለሁ። ባሌ ውስጥ ሐረና ጫካ ጫፍ፣ በዶሎ መና በኩል፣ ዶቅማ ጥላ ሥር ሰው ተሰብስቦ "ደኑን ከጠበቃችሁ የካርቦን ብር ይመጣል" አልኩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ለዘንድሮ ነው ለከርሞ?" "ለከርሞ" አልኳቸው። ከርሞ መጣ፣ ብሩ አልመጣም። የዚያን ቀጣይም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመት ስመለስ አልተቆጡኝም። ቡና አስፈልተው አጠጡኝና ጫካ ይዘውኝ ገቡ። አንድ ትልቅ የዝግባ ጉቶ አጠገብ ቆምን። ሰጋቱራው ገና አልጠቆረም፣ እጄን ሳሳርፍበት ሙጫው ተጣበቀብኝ። "ይኼ ሁለት ዓመት ጠብቆህ ነበር" አሉኝ።

እንዴት ይመጣል ታዲያ? መጀመሪያ ደኑ ይለካል፣ ሰነዱ ይጻፋል፣ የውጭ ገለልተኛ መርማሪ መጥቶ ያጣራል፣ ክሬዲቱ፣ ማለትም የሚሸጠው የዳነ ካርቦን፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ደግሞ ገዢ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፣ ዋጋውም የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ገበሬው እስከዚያ መብላት አለበት። ስለዚህ ወሬውን እጁ ላይ ካለው ነገር ጀምሩ፤ ከጫካ ቡናው፣ ከቀፎው፣ ከግጦሹ። ከዚያ ደግሞ ከመብቱ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያውቃል። መንግሥትና የአካባቢው የደን ማኅበር የሚገቡት የአሳታፊ ደን አስተዳደር ስምምነት ተፈርሞ ወረቀቱ ማኅበሩ እጅ ይግባ። ስለ ካርቦን ሲጠይቋችሁ ያኔ "ሊመጣ ይችላል፣ ይዘገያል፣ ስንት እንደሚሆን አላውቅም" በሉ። ይህን ስትሉ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ታያላችሁ። ቻሉት።

ሌላው ስህተት የመነሻ ስሌቱን ማጋነን ነው። የምንሸጠው ያልተቆረጠ ዛፍ ነው። ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ስንት ሄክታር ይመነጠር ነበር ብለን ገምተን፣ ከዚያ የዳነውን ነው የምንቆጥረው። ምንጣሮ የከፋባቸውን ዓመታት ብቻ መርጦ መነሻ ማድረግ ቁጥሩን ያሳብጠዋል፣ ገዢውም አንድ ቀን ይነቃል። የዚምባብዌው የካሪባ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ላይ የተነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር። ክሬዲቱን ይሸጥ የነበረው የስዊዘርላንዱ ኩባንያ ሳውዝ ፖል በ2023 እ.ኤ.አ. ከፕሮጀክቱ ወጣ። ሲፈርስ ደግሞ ስሙ የሚጠፋው ደኑን በሐቅ የጠበቀው ሰው ጭምር ነው።

ሳተላይት ላይ ብቻ መንጠልጠልም አለ። የጫካ ቡና ያለበት ደን ከላይ ሲታይ ለምለም ነው። ጎንበስ ብላችሁ ግቡበት። ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ፣ ለቀማውም እንዲመች ሥር ሥሩ በገጀራ ይጸዳል፤ ከሣሩ ጋር የዝግባውም የዶቅማውም ቡቃያ አብሮ ይሄዳል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ተተኪ ግን የላቸውም። አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ስንለካ ውለን፣ በአንዱ የናሙና ክልል ውስጥ ከጉልበቴ ከፍ ያለ የዝግባ ችግኝ አንድም አላገኘሁም። ካርታችን ላይ ያ ቦታ "ጥብቅ ደን" ተብሎ አረንጓዴ ተቀብቷል። ቡናውን አትከልክሉ፣ ቤት የሚያቆመው እሱ ነው። ግን ሥር ሥሩን ሲያጸዱ በየጥቂት እርምጃው ቡቃያ እንዲተዉ አብራችሁ ተስማሙ፣ እየሄዳችሁም ቁጠሩ።

የካርቦን ቶንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን አንድ አይደሉም፤ የካርቦኑን ቶን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስትቀይሩ በ3.67 ማባዛት አትርሱ።

የዛፉን ውፍረት ስትለኩ ሜትሩ ግንዱ ላይ የሚዞረው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆማችሁ ለኩ።

መጥረቢያው የት እንደሄደ ጠይቁ። የእናንተ ቀበሌ ጸጥ ብሎ ጎረቤት ቀበሌ ጣውላ ከተጫነ ምንም አላዳናችሁም።

ሴቶች በሌሉበት የደን ደንብ አታጽድቁ። ማገዶ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፣ የትኛው መንገድ ቢዘጋ ማን ቤት እሳት እንደማይነድም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እሳትንም እንዳትረሱ። በ1992 ዓ.ም. ባሌን የበላው ቃጠሎ ትዝ የሚላቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። ከሚገኘው ክሬዲት የተወሰነው ለእንዲህ ያለው ቀን መጠባበቂያ ተብሎ ስለሚያዝ ሁሉንም እንደሚሸጥ አድርጋችሁ በጀት አትሥሩ። የበጋ ጥበቃውን አበል ደግሞ በጋው ሳይገባ፣ ጥቅምት ላይ ክፈሉ። ጥር ላይ ስትከፍሉ ጠባቂው ለሥራ ከተማ ወርዶ ታገኙታላችሁ።