ሃርድ ዲስኩ ሞተ ከመባሉ በፊት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠሩ አንዲት እናት በጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ ተባልኩ።» የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የደንበኛ ውል፣ የሱቁ ሒሳብ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። «አብሽሩ እትዬ፣ መጣሁ» አልኳቸው። እኔም ግን ልቤ አላረፈም።

ዲስኩ ምንም አልሆነም። የሞተችው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን በቀጥታ አያገኘውም። መሃል ላይ ዲስኩን የሚያስተዳድር ስቶሬጅ ኮንትሮለር የሚባል ክፍል አለ፤ እሱን ለማዘዝ ደግሞ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ድራይቨሩና ኮንትሮለሩ የተቀመጠበት ሞድ (የአሠራር ምርጫ) ካልገጠሙ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ «የለም» ይላል። ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁና ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። ኮምፒውተሩን እያበራችሁ ኤፍ2ን ወይም ዲሊትን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10። የዲስኩ ስም እዚያ ከታየ ጥርጣሬያችሁን ወደ ሞዱና ወደ ድራይቨሩ አዙሩ። ካልታየ ግን ድራይቨር ፍለጋ ዳታ አትጨርሱ፤ ገመዱን፣ የኃይል መስመሩንና ዲስኩን ራሱን ፈትሹ።

ሰማያዊ ስክሪን፣ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ»

ትናንት ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ይህን («ማስነሻው ዲስክ ላይ መድረስ አልተቻለም» ማለት ነው) ጽፎ ደጋግሞ ከተነሣ፣ መጀመሪያ የባዮሱን ሰዓት እዩ። የእትዬ ኮምፒውተር ዓመታት ወደኋላ ሄዶ ነበር። ይህ የባትሪ ምልክት ነው። ባትሪዋ ስትደክም ባዮሱ ያስቀመጡለትን ሁሉ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስ ይችላል። እንደ እትዬ ኮምፒውተር ያሉ ብዙ ዴል ዴስክቶፖች ከፋብሪካ የሚወጡት «ሬይድ ኦን» (ዲስኮችን ለማጣመር የሚያስችል ሞድ) ላይ ሆነው ነው። ለእትዬ የጫነላቸው ባለሙያ ግን ዊንዶውሱን በ«ኤኤችሲአይ» (ያለ ማጣመር በሚሠራው ሞድ) ነበር የጫነው። ማታ መብራት ሄደ፣ ባትሪዋ መያዝ አቃታት፣ ሞዱ ተቀየረ፣ ጠዋት ሰማያዊ ሆነ።

መፍትሄው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ባዮስ ውስጥ «ሳታ ኦፕሬሽን» ወይም «ሳታ ሞድ» የሚለውን (ሳታ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው) ፈልጉና ወደነበረበት መልሱ። የቱ እንደነበር ካላወቃችሁ ሌላውን ሞክሩ። ሞዱን መቀየር ብቻውን ፋይል አያጠፋም። ሁለት ዲስክ በሬይድ ተጣምሮ የሚሠራበት የቢሮ ማሽን ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ ያጣመረውን ሰው ጥሩ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ያለበት ኮምፒውተርም የባዮስ ለውጥ ሲያይ የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉን አስቀድማችሁ ያዙ።

ከዚያ ባትሪዋን ቀይሩ። አብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ናት። የኛ ሰው ማታ ሱቅ ሲዘጋ ዲቫይደሩን አጥፍቶ ነው የሚሄደው፤ መብረቅና የመብራት መዋዠቅ ስለሚፈራ አልፈርድበትም። ግን ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲለይ ሰዓቱን የምትሸከመው ያቺ ባትሪ ብቻ ናት፤ ቶሎ ታልቃለች። ለእትዬ ፕላስተር ላይ «ሳታ፦ ኤኤችሲአይ» ብዬ ጽፌ ኬዙ ላይ ለጠፍኩላቸው።

ሆን ብላችሁ ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ መዞር ከፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ አትቀይሩት። በአሮጌው ሞድ ዊንዶውስን ክፈቱ። «ኤምኤስኮንፊግ» የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ቡት የሚለው ሥር «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርጉ። ሪስታርት ስታደርጉ በቀጥታ ባዮስ ገብታችሁ ሞዱን ቀይሩ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ (አስፈላጊውን ብቻ ይዞ) ሲነሣ የሚስማማውን ድራይቨር ራሱ ያነሣል። ከዚያ ምልክቱን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡ።

ዊንዶውስ ስትጭኑ ዲስኩ አይታይም

ይህ አዲስ ማሽን የገዛ ሰው ችግር ነው። ባዮስ ዲስኩን ያያል፣ መጫኛው ግን ባዶ ዝርዝር ያሳያል። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ ብዙ የኢንቴል ኮምፒውተሮች «ቪኤምዲ» የሚባል የኢንቴል የዲስክ ማስተዳደሪያ ተከፍቶባቸው ይመጣሉ፤ መጫኛው ፍላሽ ላይ ደግሞ ድራይቨሩ ላይኖር ይችላል። አዲስ ጭነት ከሆነና ሬይድ ካላስፈለጋችሁ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን አጥፉት፤ ዲስኩ ብቅ ይላል። አለዚያ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዳችሁ፣ ከታሸገበት ፈትታችሁ ፍላሽ ላይ አድርጉና «ሎድ ድራይቨር» በሉ። ሳይፈታ የተገለበጠ ፋይል መጫኛው አያየውም። ዊንዶውሱ ቪኤምዲ በርቶ ከተጫነ በኋላ ግን አትንኩት፤ ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣባችኋል።

ይከፈታል፣ ግን ድርቅ ይላል

ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ የዲስኩ መብራት እንደበራ ይቀራል፣ ምንም ነገር አይከፈትም። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ሁሉም ባንዴ ይለቀቃል። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ከ«ስቶርኤኤችሲአይ» (ከዊንዶውስ የኤኤችሲአይ ድራይቨር) የመጣ ቁጥር 129 ካያችሁ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ጠይቆ መልስ ስላጣ ግንኙነቱን እንደገና እያስጀመረ ነው ማለት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሥራው ወደ ኮምቦልቻ ዞሮ ዴስክቶፑን በሚኒባስ ወሰደው። ያ ቁልቁለት ጥምዝምዝ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማግስቱ ድርቅ ማለት ጀመረ። ሦስት የድራይቨር ማደሻ ፕሮግራም ጭኖ ነበር፤ ያተረፈው ማስታወቂያ ብቻ ነው። (እነዚያን ፕሮግራሞች አትጫኑ። ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ወይም ከዊንዶውስ አፕዴት ይበቃል።) ኬዙን ስንከፍት ቀዩ የሳታ ገመድ ቆላፊ የሌለው ዓይነት ነው፤ በጣቴ ነካ ሳደርገው ይወዛወዛል።

የዲስክን ጤና በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ፕሮግራም «ሲ7» የሚለውን መስመር አየን። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በገመዱ ሲያልፍ ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ የሚቆጠርበት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ገመድ ጠርጥሩ። መብራቱን ነቅለን ቆላፊ ያለው ገመድ አስገባን፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቀዳዳ መረጥን።

ገመዱ ደህና ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ የፓወር ፕላኑን «ሃይ ፐርፎርማንስ» አደርግ ነበር። ያም ካልሠራና ባዮሱ ኤኤችሲአይ ላይ ከሆነ፣ ፋይል ባክአፕ አድርጌ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የኮንትሮለሩን ድራይቨር ወደ ዊንዶውስ የራሱ «ስታንዳርድ ሳታ ኤኤችሲአይ ኮንትሮለር» እቀይር ነበር። አላስፈለገም። የሲ7 ቁጥር አንዴ ከወጣ አይወርድም፣ ስለዚህ ዜሮ አትጠብቁ። ገመዱን ስንቀይር 412 ላይ ነበር። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «አሁንም 412» አለኝ።