አንዱን አስተካክሉ፣ ሦስት መቶው ይከተል

ሰርግ አንስታችሁ እሑድ እኩለ ሌሊት ቤት ገባችሁ እንበል። ካርዱ ላይ 2000 ሮው ፎቶ (ካሜራው ራሱ ሳያስተካክል ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል) አለ። ሰኞ ጠዋት ገና ቡና ሳይፈላ ሙሽራዋ ትደውላለች፤ "ፎቶው አልደረሰም እንዴ?" እያንዳንዱን ፎቶ ከፍታችሁ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብቻ ብታሹት 66 ሰዓት ያልፋል። እኔ ለሁለት ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ፣ ዓይኔ ይመስክር።

አሁን በጅምላ ነው የምሠራው። የምጠቀመው ላይትሩም ክላሲክ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ስለሆነ በሱ ላስረዳ፤ ነፃዎቹ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒም ማስተካከያን ከአንድ ፎቶ ወደ ብዙ ያሻግራሉ፣ ቁልፎቹ ብቻ ናቸው የሚለያዩት።

መጀመሪያ መጣል ነው። ፎቶዎቹን ስታስገቡ ፕሪቪው የሚለው ጋ "ኢምቤድድ ኤንድ ሳይድካር"ን ምረጡ። ካሜራው ሮው ፋይሉ ውስጥ የራሱን ጄፔግ (ተዘጋጅቶ የተጨመቀ ፎቶ) አስቀምጧል፤ እሱን ስለሚያሳያችሁ ኮምፒውተሩ እስኪያስብ አትጠብቁም። ካፕስ ሎክ አብሩ። ለሚቆየው ፒ፣ ለሚጣለው ኤክስ፤ ወደ ቀጣዩ ራሱ ይዘላል። ዓይኑን የጨፈነ፣ የደበዘዘ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ስድስት ጊዜ የተነሳ ኬክ ቆረሳ ሁሉ ይሂድ፣ አትራሩ።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። የተረፉትን በሰው ወይም በሰርጉ ሥነ ሥርዓት ቅደም ተከተል ሳይሆን በብርሃን ክፈሏቸው። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት መስኮት አጠገብ የተነሱት አንድ ክምር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉት ሌላ፣ ፓርክ ላይ በቀትር ፀሐይ የተነሱት ሌላ። አዳራሹ ለብቻው ሁለት ሦስት ክምር ይወጣዋል፣ ምክንያቱም ዲጄው ያንን ሐምራዊ መብራት ሲለቅ የሁሉም ሰው ፊት በለስ ይመስላል።

ከየክምሩ የመጀመሪያውን ፎቶ ያዙና እሱን በደንብ ሥሩ። ዋይት ባላንስ ይቅደም፤ ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን ማስተካከል ማለት ነው። የሀበሻ ልብስ ያለበት ሰርግ ከሆነ እድለኛ ናችሁ፤ የቀለም መልቀሚያዋን ነጩ ሸማ ላይ ጠቅ ማድረግ ነው። ግን ፀሐይ ያቃጠለው ላይ አይደለም፣ ጥበቡም ላይ አይደለም፤ ከትከሻ ወረድ ብሎ ነጠላው ሲታጠፍ ትንሽ ግራጫ የምትመስል ጥላ አለች፣ እሷ ላይ። ሮው ይህን ሁሉ ይችላል፤ 14 ቢት ከሆነ ለየቀለሙ 16,384 እርከን ይይዛል፣ ጄፔግ ግን 256 ብቻ ነው፣ ትንሽ ስትጎትቱት ይቀደዳል።

አሁን ያስተካከላችሁትን መጀመሪያ ምረጡ፣ ሺፍት ይዛችሁ የክምሩን መጨረሻ ንኩ፣ "ሲንክ" በሉ፤ የመጀመሪያው ማስተካከያ ወደ ሌሎቹ ይገለበጣል። ሳጥኖች ይመጣሉ። ዋይት ባላንስ፣ ቶን ከርቭ፣ ፕሮፋይል፣ ሌንስ ኮሬክሽን፣ ኖይዝ ሪዳክሽን ምልክት ይደረግባቸው። ክሮፕ (መከርከሚያ)፣ ሂሊንግ (እንከን ማጥፊያ) እና ማስኪንግ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ማስተካከያ) ግን ይጥፉ! አንዴ ክሮፕን ሳላጠፋ ሲንክ አድርጌ የሚዜዎቹ ሁሉ ጭንቅላት ተቆርጦ አደረ፤ ጠዋት ስከፍተው ረድፍ ሙሉ ከረቫት ብቻ ቆሞ ጠበቀኝ። ዋናው ሮው አይነካም፣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፣ ግን ልብ ይወርዳል።

ኤክስፖዠር (የፎቶው የብርሃን መጠን) ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ፎቶ ጨለም ብሎ ሌላው ፈካ ብሎ ከተነሳ አንድ ቁጥር ለሁሉም መስጠት አይሠራም። ለዚህ ሴቲንግስ ሜኑ ውስጥ "ማች ቶታል ኤክስፖዠርስ" አለ፤ ካሜራው ላይ ብርሃኑን የወሰኑትን አይኤስኦውን፣ ሹተሩንና አፐርቸሩን አስልቶ ያመጣጥናቸዋል። ፍላሽ ከነበረ እርሱት፣ ስሌቱ ፍላሹን አያውቅም።

ላፕቶፓችሁ እንደኔው ሽማግሌ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት ስማርት ፕሪቪው አሠሩት። የሮው ፎቶው አነስ ያለች ቀላል ቅጂ ናት፤ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ ጋ ገብታችሁ ኤዲቱ በሷ ላይ እንዲሆን ማዘዝ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው ኤክስፖርት ነው። በየራሳቸው ፎልደር የሚያስቀምጡ ሁለት ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ቅንብር) ሥሩ፤ አንዱ ለአልበም፣ ሙሉ መጠን፣ ኳሊቲ 90። ሌላው ለስልክ፣ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል፣ ኤስአርጂቢ (ስክሪኖች የለመዱት የቀለም ዓይነት)፣ ኳሊቲ 80። ሁለቱንም ምልክት አድርጋችሁ አንዴ ኤክስፖርት በሉና ተኙ። ሌሊት መብራት ከሄደስ? ፕሪሴቱን ስትሠሩ "ኤግዚስቲንግ ፋይልስ" የሚለው ላይ "ስኪፕ"ን ምረጡ። ጠዋት መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ፋይል ከየፎልደሩ አጥፉ፣ ግማሹ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ እንደገና ስታስነሱት የሠራውን ዘሎ ከቆመበት ይቀጥላል።

ለሙሽሮቹ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ይጨመቅና "ፎቶው ደበዘዘብን" የሚል ስልክ ይደወልላችኋል።