በባሕር ዳር የግንባታ ቦታዎች ላይ ከክረምት በፊት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሐምሌና በነሐሴ ከባሕር ዳር የግንባታ ቦታዎች የሚወጣው ጎርፍ በየመንገዱ ዳር ቦይ እየወረደ ወይ ጣና ወይ ዓባይ ይገባል። «አፈር ምን ይጎዳል?» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ የስህተቶች ሁሉ ምንጭ ነው፤ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ፎስፈረስ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ላስጨነቀው እምቦጭ ምግብ ይሆነዋል፤ ጣናም በአማካይ ከ10 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ያለው በመሆኑ የገባበትን ደለል ሞገዱ ከሥር እያነሣ መልሶ ያደፈርሰዋል።

ቀዳሚው ስህተት ግቢውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መጥረግ ነው። ዶዘር የተከራየ ሰው ኪራይ ለመቆጠብ ሲል ለከርሞ ያሰበውን ቦታ ጭምር በግንቦት ያስጠርጋል፤ ሣርና ሥር ይዞት የነበረው አፈር ግን ዝናብ ሲመታው ይታጠባል። በዚያ ክረምት የማይሠራበትን ክፍል ሳይነኩ መተውና የተነካውን በጭድ ወይም በሣር መሸፈን ኋላ ደለል ከማጥመድ እጅግ ይረክሳል፤ የጥቁር አፈር ደቃቅ ቅንጣት አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ ለመዝቀጥ ቀናት ይፈጅበታልና።

ከላይ ከጎረቤት የሚመጣውን ጎርፍ በቁፋሮው መካከል ማሳለፍም ስህተት ነው፤ በላይኛው ወሰን ቦይ ቆፍሮ ማዞር ይገባል።

ደለል እንዲይዝ ጨርቅ የሚዘረጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የታችኛውን ጫፍ መሬት ላይ እንዳረፈ ይተዉታል። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል፤ ጭቃው ግን በሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። ጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ አፈሩ መጠቅጠቅ፣ የተጠራቀመውም ደለል የጨርቁን እኩሌታ ሳይደርስ መዛቅ አለበት።

ለሐይቁ ቅርብ በሆነ ቦታ መሠረት ሲቆፈር ውሃ ቶሎ ይወጣል። የፓምፑን መምጠጫ ጉድጓዱ ወለል ላይ ጥሎ ድፍርሱን በቀጥታ ወደ ቦይ መልቀቅ አይገባም፤ መምጠጫውን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል፣ ውሃውንም በቅድሚያ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ማርጋት ያስፈልጋል።

የኮንክሪት ማደባለቂያ እጥበት ፒኤቹ (የአሲድነት ወይም የአልካላይነት ልኩ) ከ12 በላይ ሊደርስ ስለሚችል ዓሣ ይገድላል፤ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተጠራቅሞ ሲደርቅ እንደ ፍርስራሽ ይነሣል። የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣም ከቦይ ርቀው በጣሪያ ሥር ይቀመጡ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በሐይቁ ዳር የሚገነቡ ሰዎች ውሃው ወለል ብሎ እንዲታያቸው ደንገሉን መመንጠራቸው ነው። ጎርፉን አዘግይቶ ደለሉን የሚያስቀረው እርሱ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በተመዘገበ ሐይቅ ዳር ደግሞ ደንገል ሳይነካ የሚቆይበት ወሰን ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በችካልና በገመድ ሊከለል ይገባል።