ናኖ ቅንጣት ላይ መመራመር ለምትፈልጉ፦ እንዳትደግሟቸው የምለምናችሁ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የማስተምራቸው ልጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «መምህር፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ (የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና) ጨርሼ መድኃኒት በሚሸከሙ ናኖ ቅንጣቶች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?» ናኖ ቅንጣት ማለት በዓይን የማይታይ እጅግ ጥቃቅን ነገር ነው። ጥያቄያቸው በጣም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ግን እኔና ጓደኞቼ ዓመታት የከፈልንባቸውን ስህተቶች እነግራቸዋለሁ።

ከበሽታው በፊት ቅንጣቱን መውደድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የወርቅ ቅንጣት ወይም ሊፖዞም (ከስብ የተሠራ ጥቃቅን ከረጢት) ይመርጣል። ከዚያ በኋላ በሽታ ይፈልግለታል። ብዙ ጊዜ ካንሰር ይሆናል። ካንሰር መምረጡ ክፋት የለውም። ቅንጣቱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ መነሳቱ ነው ችግሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሥር ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ ታትሞ ነበር። ከተወጋው የቅንጣት መጠን የካንሰሩ ዕጢ ጋ የደረሰው በመካከለኛ አኃዝ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል።

አሁን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላዛርን አስቡ። ተውሳኩ የሚደበቀው እዚያው ጉበት፣ ጣፊያና መቅኔ ውስጥ ባሉ ዋጭ ሴሎች (ባዕድ ነገርን በሚውጡ የሰውነት መከላከያ ሴሎች) ነው። የካላዛር መድኃኒት የሆነው አምፎቴሪሲን ቢ በሊፖዞም ሲታሸግ እነዚሁ ሴሎች ይውጡታል። መድኃኒቱ ተውሳኩ ቤት ድረስ ይገባል። ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል። ለካንሰር እንቅፋት የሆነው ነገር መተማና ሁመራ ላይ ለሚታመም ሰው መዳኛ ሆነ ማለት ነው። በሽታውን ጠንቅቆ ያላወቀ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ዕድል አያየውም።

ደግሞ የምርምር ጥያቄው ደጃችን ላይ አለ። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ጠዋት የለበሳችሁት ጃኬት እዚያ ስትደርሱ ሸክም ይሆንባችኋል። ብዙ የሊፖዞም መድኃኒቶች ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ ቆላ ያለው ጤና ጣቢያ ምን ያድርግ? ሙቀት የሚችል ቅንጣት መሥራት ብቻውን የአንድ ፒኤችዲ ሥራ ነው።

የውጭ መመሪያን እንዳለ መቅዳት

ይሄኛው በተለይ ለደጋ ልጆች ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባቄላ ንፍሮ እዚህ ለምን ሰዓት እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቁታል።

አውቶክሌቭም (የላብ ዕቃን በግፊት በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ያው ነው። መመሪያው «ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ነው» ይላል። ያ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ጌጁ 15 ሲል ሙቀቱ 116 አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ይጠጋል። ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱን ለኩ። ዕቃው የሚችለውን ከፍተኛ ግፊትም ሳታዩ አትጨምሩ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሠርቻለሁ። ቅንጣቱን ልሞክርባቸው በላብ ሳህን ያሳደግኳቸው ሴሎች እየሞቱ አስቸገሩኝ። ደብተሬ ላይ «ቅንጣቱ መርዛማ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሳህኑ ውስጥ ባክቴሪያ ይርመሰመሳል። ቅንጣቱ ምንም አላደረገም፤ ዕቃዬ ነው በደንብ ያልጸዳው።

አንድ ቁጥር ይዞ መሮጥ

«መቶ ናኖ ሜትር ወጣልኝ!» ብላ አንዲት ተማሪዬ የቅንጣቷን መጠን የሚያሳየውን ወረቀት ይዛ መጣች። ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስንት ጊዜ እንደለካች ጠየቅኳት። አንዴ ነው። መጠን የሚለካው የብርሃን ብተና መሣሪያ ትልልቁን አብልጦ ያያል። በዲያሜትር አሥር እጥፍ የሆነ ቅንጣት እስከ ሚሊዮን እጥፍ የሚደርስ ብርሃን ይበትናል። ትንሽ አቧራ ከገባ ውጤቱ ተበላሸ። አጣሩ፣ ቢያንስ ሦስቴ ለኩ፣ ከዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አረጋግጡ። ማይክሮስኮፑ እኛ ጋ ከሌለ ናሙናውን ላኩ። መላክ አያሳፍርም።

ሆስፒታልን መሸሽ

«እኔ ተመራማሪ እንጂ ጥገና ሠራተኛ አይደለሁም» የሚሉ ልጆች አሉ። ያሳዝነኛል። የተበላሸ የኦክስጅን ማሽን ሲጠግኑ ከነርሷ ጋር የሚወራው ወሬ ስንት ጥያቄ ይወልዳል! መድኃኒትን ቀስ በቀስ የሚለቁ ቁሶችን በመሥራት የታወቀው አሜሪካዊው ሮበርት ላንገር ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ1974 የገባው የቀዶ ሐኪሙ ጁዳ ፎክማን ላብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትልልቅ ሞለኪዩሎች ከፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ቁስ) ውስጥ ቀስ እያሉ መውጣት እንደሚችሉ አብረው አሳተሙ።

ገንዘብ ከፍሎ ለመታተም መቸኮል

«ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ ለዲግሪ ተማሪ ኢሜይል የሚልክ ጆርናል፣ በሳምንት እናትምልሃለን የሚል ጆርናል፣ አይሆንም። ስማችሁ ዕድሜ ልክ እዚያ ይቀራል።

የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ማየት

ፒኤችዲ ማለት አራት አምስት ዓመት ከአንድ አማካሪ ጋር መኖር ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ሰውየውን እወቁ። ሁለት ጽሑፉን አንብባችሁ ስለ እነሱ ጻፉለት። እሱ ጋ የተማሩ ልጆችን ፈልጋችሁ ጠይቁ፦ ስልክ ያነሳል? ሙከራ ሲከሽፍ ይቆጣል ወይስ አብሮ ይቀመጣል?

የድጋፍ ደብዳቤም ሐሙስ ማታ ደውላችሁ ለዓርብ አትጠይቁን። የአሜሪካ ብዙዎቹ ማመልከቻዎች ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ይዘጋሉ። በመስቀል ሰሞን ንገሩን፤ ያኔ ስለ እናንተ አስበን እንጽፋለን።