አንታሲድ ወስደን ሆድ ሲነፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ቃር ይይዘናል፣ አንታሲድ፣ ማለትም የጨጓራን አሲድ የሚያከሽፍ መድኃኒት፣ እንወስዳለን፣ ብዙም ሳይቆይ ሆድ ይወጠራል፣ ግሳት ይከታተላል። ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ይህን ስሞታ ሲሰማ ነው የሚውለው። «ጨጓራዬ ባሰበት» ይሉኛል። አልባሰበትም። ጋዙን ያመጣው የተዋጠው ነገር ነው።

ምልክት፦ ወዲያው መነፋትና ተደጋጋሚ ግሳት

ምክንያቱ ካርቦኔት ወይም ባይካርቦኔት ነው። ጨጓራ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ባይካርቦኔት የሆነው ቤኪንግ ሶዳ ሲያገኘው ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። የሚታኘከው ካልሲየም ካርቦኔትም እንዲሁ ነው። አንዱ 500 ሚሊግራም ፍሬ ሙሉ በሙሉ ከአሲዱ ጋር ከተዋሃደ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ከአንድ የቡና ሲኒ ይበልጣል።

ችግሩ ሰው ግሳቱን መውደዱ ነው። «አገሳሁ፣ ቀለለኝ» ይላል። ግሳቱ የሚነግራችሁ ጋዝ እንደተሠራ ብቻ ነው። ያ ጋዝ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ አሲድ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጉሮሮ እንደገና ይቃጠላል፣ ሌላ ማንኪያ ይጨመራል። አንዳንዱ በአምቦ ውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋዝ አልበቃ ብሎ!

አንድ ጋሼ «ሶዳው አልሠራልኝም» ብለው ቆርቆሮውን ይዘውልኝ መጡ። ቤኪንግ ፓውደር ነው። ፓውደሩ ውስጥ ሶዳው ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተደባልቋል። ውሃ ሲነካው ከራሱ አሲድ ጋር ይፈላል፤ ለጨጓራው አሲድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ኬክ ለማስነሳት የተሠራ ነገር ሆድ ቢያስነሳ ምን ይገርማል? «ሁለቱም ያው ነው» ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅም አለ። ያው አይደለም።

የፋሲካ ማግስት ደግሞ ሌላ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ፣ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ክትፎ፣ ላዩ ላይ ጠላ። አንድ ወጣት በዚያ ሁሉ ላይ ሁለት ማንኪያ ሶዳ ጨምሮበት፣ ሆዱ ከበሮ መስሎ፣ ወገቡን ማቅናት አቅቶት ደገፍ አድርገው አመጡት። ምንም ሳልሸጥለት ወደ ሐኪም ቤት ላክሁት። ጥጋብ ላይ ሶዳ በፍጹም አትውሰዱ! አልፎ አልፎም ቢሆን ጨጓራ የፈነዳባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሶዳን ጨርሶ ይርሳ። አንድ የሻይ ማንኪያ ከ1 ግራም በላይ ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2 ግራም በታች ነው።

መፍትሄው፦ ካርቶኑን ገልብጣችሁ የተጻፈውን አንብቡ። ካርቦኔት የሚል ካለ ጋዝ አለ። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ከአሲዱ ጋር ሲዋሃዱ ጨውና ውሃ ብቻ ይሰጣሉ። ነጩ ሽሮፕ አብዛኛውን ጊዜ የነዚህ ድብልቅ ነው። ጠርሙሱን ነቅንቁት! ካልነቀነቃችሁት መጀመሪያ ውሃውን፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጩን ነው የምትጠጡት። የሚታኘከውን ደግሞ አኝኩት፤ ሙሉውን ውጦ «አይረባም» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ባዶ ሆድ ላይ ከተወሰደ ቶሎ ያልፋል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታችሁ ስትወስዱት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል።

ሲሜቲኮን ያለበት ሽሮፕ ጋዝ አያጠፋም፤ ትንንሾቹን አረፋዎች አገናኝቶ መውጣቱን ያቀላል።

ምልክት፦ መነፋቱ ከሰዓታት በኋላ ሲመጣ

ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስር። ጋዙ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አንታሲድ አይነካውም።

ምልክት፦ ተቅማጥ ወይም ድርቀት

ማግኒዚየም ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየም ያደርቃል።

ምልክት፦ ሌላው መድኃኒት መሥራት አቆመ

ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች፣ የብረት ኪኒንም ከአንታሲድ ጋር አብረው አይዋጡም። በስንት ሰዓት እንደምታራርቁ ስትገዙ ጠይቁ።

ምልክት፦ ቃሩ በየቀኑ ይመላለሳል

ሽሮፕ መቀያየር አቁማችሁ ተመርመሩ። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ከሆነ አንታሲድ አይገድለውም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ፣ ወይም የደረት ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ወደ እኛ ሳይሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።