ከቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የፊት ጠባሳን የሚያበላሹ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ታሞ ጠያቂ የሚያጣ ሰው የለም። ጠያቂው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምክር ይዞ ይመጣል። አንዷ «ማር ቀቢው» ትላለች። ሌላዋ «የተፈጨ ቡና ነስንሺበት፣ ቶሎ ያደርቀዋል» ትላለች። ቅቤና ፌጦም ተራቸውን ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ስህተት እሺ ብሎ መቀባት ነው። የቡና ዱቄት ስፌቱ መሐል ይቀረቀራል፣ ጀርምም ይዞ ሊገባ ይችላል። ለቁስል የሚውል ማር በሕክምና መኖሩ እውነት ነው፤ እሱ ግን ከጀርም እንዲጸዳ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የገበያው ማር ለቁርስ ይሁን።

«አየር ይምታው፣ ይድረቅ» የሚባለውም ብዙ ሰው ይጎዳል። የደረቀ ቁስል ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም መዳኑን ያዘገያል። ሐኪሙ ፋሻው ይነሳ ካለ በኋላ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። በየቀኑ አልኮል ማፍሰስ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲሱን ቆዳም ይጎዳል።

የፊት ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። «ዝናብ ነው፣ ሥራ በዛ» ብሎ ማቆየት የክሩ ምልክት እንዲቀር ያደርጋል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ የሚመጡ ከሆነ ቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ክሩን ሊያወጣልዎ ይችል እንደሆነ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ።

ክሩ ወጣ ማለት ግን ቁስሉ ጠነከረ ማለት አይደለም። በ3ኛው ሳምንት እንኳን ጥንካሬው ከጤነኛ ቆዳ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ዕቃ አያንሱ። ረከቦት ላይ አጎንብሶ ከሰል ማራገቡንም ለሌላ ሰው ይተዉት፤ ማጎንበስ እብጠቱን ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ፀሐይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጅማ ዝናባማና አረንጓዴ ስለሆነች ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስላል። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። ደመናም ብዙውን ያሳልፋል። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲነካው ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ለወራት ላይለቅ ይችላል። ለብዙዎች ካንሰሩን ያመጣው ራሱ ይኸው ጨረር ነው። ቁስሉ በደንብ ከተዘጋ በኋላ ኤስፒኤፍ (SPF፣ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ይቀቡ፤ ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት። ዙሪያው ሰፊ ኮፍያ ወይም ጥላ ይጨምሩበት። ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ጥላ አይባልም። አልቢኒዝም (ከተወለዱ ጀምሮ የቆዳ ቀለም ማነስ) ላለባቸው ደግሞ ይህ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ጠባሳው ጠቆረ ብሎ ኮስሞቲክስ ቤት መሮጥ ነው። «ያነጣል» ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞች ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ። ስቴሮይዱ ያለ ሐኪም ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል። ቫይታሚን ኢ ዘይትም ስሙ ይገነን እንጂ ጠባሳ ማሳመሩ አልተረጋገጠም፤ አንዳንዱን ሰው ያሳክካል። የተሻለ ማስረጃ ያለው የሲሊኮን ጄል ወይም ልጣፍ ነው፤ እሱም በቀን 12 ሰዓት ያህል፣ ለ2 ወይም 3 ወር። ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ጠባሳውን በጣት ቀስ እያሉ ማሸትም ይረዳል።

ጠባሳ ለመብሰል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ በ2ኛው ወር ቢቀላ ወይም ቢጠነክር አይደንግጡ። ከቁስሉ ወሰን አልፎ እየሰፋ፣ እያሳከከ የሚያብጥ ከሆነ ግን ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በመርፌ ይታከማል።

የመጨረሻው ስህተት ከሁሉ ይከብዳል፦ ጠባሳው አማረ ብሎ ቀጠሮ መቅረት። የተቆረጠው ሥጋ የላብራቶሪ ውጤት ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ መውጣት አለመውጣቱን ይናገራል፤ ወረቀቱን ተቀብለው ያስቀምጡ። ጠባሳው ላይ ወይም አጠገቡ የማይድን ቁስል፣ የሚደማ ነገር ወይም አዲስ እብጠት፣ አንገት ላይም እጢ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። በየወሩ በመስኮት ብርሃን የስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅዎ መጀመሪያ «መቼ ጀመረ?» ብሎ ነው።